ሕመምን የማከም ጥናቶች ከዲምቱ ሲታዩ

በኢትዮጵያ ስለ ሕመም ሕክምና የሚደረጉ ጥናቶች ካለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ በእጅጉ በርክተዋል። ቀድሞ ጉዳዩ በማደንዘዣ ባለሙያዎችና በካንሰር ሐኪሞች ዘንድ ብቻ ይነሣ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ነርሶች፣ የጤና መኮንኖች፣ ፋርማሲስቶችና የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪዎች ይጽፉበታል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጥናቶቹን አሰባስቦ በአንድነት የሚያነብ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይነሣበት አይቀርም፤ የተለካው የማን ሕመም ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ከአዲስ አበባ ወይም ከጅማ ይልቅ በወላይታ ዞን፣ ከሶዶ በስተ ምሥራቅ ከምትገኘው ከዱጉና ፋንጎ ወረዳ ከተማ፣ ከዲምቱ ቆሞ መመልከት ይሻላል። እንደ ዲምቱ ባለች የወረዳ ከተማ ለሚሠራ ባለሙያ ሕመም በብዛት የሚመጣለት ከቀዶ ሕክምና ክፍል አይደለም። ከማሳና ከገበያ በእግሩ ይመጣል፤ መራመድ ሲሳነው ደግሞ በሰው ትከሻ ይመጣል።

ከጥናቶቹ መካከል በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 252 ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ በ2014 የታተመው ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 91.4 በመቶዎቹ ሕመም እንደ ነበረባቸው፣ 80.1 በመቶዎቹም ለሕመማቸው የሚመጥን ሕክምና እንዳላገኙ ዘግቧል። የማስታገሻ መድኃኒቱ የሚሰጠው ሰዓት ተወስኖለት ሳይሆን «ሲያስፈልግ» በሚል ትእዛዝ ነበር። መጠኑም ሊሰጥ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ከሁለት ሦስተኛው በታች ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው 91.4 የሚለው ቁጥር ነው። ለባለሙያው ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸው ስለ ትእዛዙና ስለ መጠኑ የተነገረው ነው። «ሲያስፈልግ» የተባለ መድኃኒት በተግባር ሕመምተኛው ሲጠይቅ የሚሰጥ መድኃኒት ማለት ነው። ሕመምተኛው ለመጠየቅ ያፍራል፤ አስታማሚው ነርሷን ፈልጎ ለማግኘት ኮሪዶር ለኮሪዶር ይመላለሳል፤ ነርሷ በበኩሏ ብዙ አልጋ ተሸክማለች። እንዲህ ባለው ሁኔታ ትእዛዙ ራሱ የሕመም ምክንያት ይሆናል። ይህን ለማረም ደግሞ አዲስ መድኃኒት መግዛት አያስፈልግም፤ ትእዛዙን «በየስድስት ሰዓቱ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

በዚያው ጥናት ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህን ያህል ሰው ሕክምናው ጎድሎበት ሳለ በሕመም አያያዙ ረክቻለሁ ያለው ግማሽ ያህሉ ነበር፤ እርካታውም ከሕመሙ ጽናት ጋር የነበረው ዝምድና ደካማ ነበር። ተመሳሳይ ውጤት በሌሎች አገሮችም በተደጋጋሚ ታይቷል። ሆኖም በኢትዮጵያ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው «እንዴት አደሩ?» ሲባል የሚመልሰው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህ ሰላምታ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ወረቀት ይዞ ከፊቱ ሲቆም መልሱ ከምስጋና ብዙም አይርቅም። እርካታን የጥራት መለኪያ ያደረጉ ብዙ የአገር ውስጥ ጥናቶች ይህን ጉዳይ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ «የጥናቱ ውሱንነት» በሚለው ንዑስ ርእስ ሥር አስቀምጠው ያልፉታል። ውሱንነቱ ግን ከጥናቱ ጫፍ ላይ ያለ አይደለም፤ መለኪያውን ራሱን የሚነካ ነው።

በ2019 የታተመውና በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች 704 የቀዶ ሕክምና ሕመምተኞችን የተከታተለው ጥናት በዝግጅቱ ከቀዳሚው የጠነከረ ነው። ሕመምተኞቹን አንድ ጊዜ ጠይቆ አልተወም፤ ደጋግሞ ጠይቋል። መካከለኛና ከባድ ሕመም ያጋጠማቸው 88.2 በመቶ፣ ሕክምናቸው በቂ ያልነበረው ደግሞ 58.4 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው «ከ80.1 ወደ 58.4 ወርዷል፤ መሻሻል ታይቷል» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ንባብ ግን መጠንቀቅን ይሻል። እንዲህ ባሉ ጥናቶች የሕክምናን በቂነት ለማስላት የሚያገለግለው መለኪያ በመጀመሪያ ለካንሰር ሕመም የተበጀ ሲሆን፣ የሚያነጻጽረውም የታዘዘውን መድኃኒት ጉልበት ሕመምተኛው ከተናገረው የሕመም ደረጃ ጋር ነው። መጠኑን አይጠይቅም፤ ሰዓቱን አይጠይቅም፤ መድኃኒቱ በእርግጥ መሰጠቱንም አይጠይቅም። በካርዱ ላይ ከፓራሲታሞል ይልቅ ትራማዶል የሚል ቃል ከተጻፈ ውጤቱ ይሻሻላል፤ ሕመምተኛው ሌሊቱን ሲያቃስት ቢያድርም እንኳ። የሕመሙ መጠን 91.4 እና 88.2 ሆኖ በሁለቱ ጥናቶች ተቀራርቦ መገኘቱ ይህን ጥርጣሬ ያጠናክራል። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ የተደረገ ሥልጠናን መሠረት ያደረገ ንጽጽራዊ ሙከራ ገና በርእሱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን ሕመም ውስን አቅም ባለበት ቦታ መለወጥ አስቸጋሪ መሆኑን አስቀድሞ ተናግሯል። ተመራማሪዎች የጠበቁትን ያህል ያላገኙበትን ውጤት በርእስ አውጥተው መጻፋቸው ክብር ይገባዋል።

ስለ ሌላው የጥናት ዓይነት፣ ማለትም የነርሶችን «ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር» በመጠይቅ ስለሚለካው፣ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው ዞን ይዞራል፤ ዕውቀቱ አነስተኛ፣ አመለካከቱ ዝቅተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ሥልጠና ይሰጥ ተብሎ ይደመደማል። መጠይቁ ነርሷ ስንት ሕመምተኛ እንዳለባት፣ በዚያ ሳምንት በመድኃኒት ክፍሉ ምን እንደ ነበረ፣ ማስታገሻ ለመጀመር የማን ፊርማ እንደሚያስፈልጋት እምብዛም አይጠይቅም። ጉድለቱን ሁሉ በባለሙያዋ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈልግ ጥናት ሌላ ቦታ ያለውን ሊያገኘው አይችልም።

ከመለኪያዎቹ በፊት ደግሞ የቃሉ ጉዳይ አለ። በአማርኛ «ሕመም» በሽታም ነው፤ በሽታው የሚያመጣው ስሜትም ነው። «ታመመ» ሲባል በሽታ ያዘው ማለት ሲሆን፣ «አመመው» ሲባል ግን ሕመሙ ራሱ ባለቤት ሆኖ በሰውየው ላይ ይሠራል፤ «ራሴን አመመኝ»፣ «ወገቤን ያመኛል» ይባላል። ሕዝቡ ደግሞ በአንድ ቃል አይወሰንም፤ ውጋት፣ ቁርጠት፣ ፍልጠት፣ ቁርጥማት፣ ጥዝጣዜ እያለ ለይቶ ይናገራል። አንድ ሕመምተኛ «ይጠዘጥዘኛል» ሲል ከ«ይወጋኛል» የተለየ ነገር እየነገረ ነው፤ ጆሮ ያለው ሐኪም ከዚህ ብቻ ብዙ ይማራል። ከዜሮ እስከ ዐሥር ያለው መለኪያ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ያጥፈዋል። በዲምቱ ገጠር ደግሞ ነገሩ አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ የብዙው ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ወላይትኛ ነው። በእንግሊዝኛ ታስቦ፣ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ፣ በቃል ወደ ወላይትኛ እየተመለሰ የሚጠየቅ «ሕመምዎ ከዐሥር ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ሦስት ወንዞችን ተሻግሮ የመጣ ጥያቄ ነው። መጠይቁ ተተርጉሞ ተመልሶ መተርጎሙ ብቻ ሳይሆን፣ በዕለቱ በምን ቋንቋና በማን አንደበት እንደ ተጠየቀ ጭምር በጥናቶቹ ላይ ሊጻፍ ይገባል።

ወላይታ በሕክምና ምርምር ዓለም ስሙ የሚነሣው በቀዶ ሕክምና ሕመም አይደለም። የሚነሣው ከቀይ አፈር ጋር በተያያዘው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ እየተባለ በሚጠራው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። በሽታው በትል ወይም በትንኝ የሚመጣ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ይይዘዋል። እንግሊዛዊው የቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ሥራ ይህን ግንኙነት ካመለከተ ወዲህ፣ በተለይ ከ2000 በኋላ፣ ወላይታ የዚህ በሽታ ምርምር ዋና ማሳ ሆናለች። በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ የበሽታውን ስርጭት 5.46 በመቶ አደረሰው። በ2006 የታተመው የኢኮኖሚ ጥናት ደግሞ ሕመምተኛው ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶውን እንደሚያጣ፣ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ይኖርበት በነበረው በዚህ ዞን በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚባክን አሰላ። በ2008 ኅብረተሰቡ ስለ በሽታው ያለው የተሳሳተ ግምትና መገለል ተጠና። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ አስገባው። በ2012 ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጡ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን ያነጻጸረ የዘረ መል ጥናት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ። ሕክምናውን በተመለከተ ከ1998 ጀምሮ በሶዶ የተቋቋመው የሞሲ ፉት ማኅበር በሳሙና፣ በውኃ፣ በቅባትና በጫማ ምን ሊሠራ እንደሚቻል ለአገሪቱ ሁሉ አሳይቷል።

ይህ የምርምር ዝርዝር ለአንድ ዞን የሚያኮራ ነው። እግሩ ተለክቷል፤ አፈሩ ተመርምሯል፤ ዘረ መሉ ተነቧል፤ የጠፋው የሥራ ቀን በዶላር ተተምኗል። የሕመምተኛው ስቃይ ግን የት አለ? በሽታውን የሚያውቅ ባለሙያ ሁሉ መልሱን ያውቃል። ያበጠ እግር በአዘቦት ቀን ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ያሳፍራል፤ ሕመሙ የሚበረታው ግን አጣዳፊው ብግነት ሲነሣ ነው። እግሩ በድንገት ይግላል፤ ይወጠራል፤ ይጠዘጥዛል፤ ብሽሽት ያብጣል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል፤ ሕመምተኛው ለቀናት ከአልጋ ይውላል። ያ የተሰላው 45 በመቶ የሥራ ቀን ከእንዲህ ያለው የአልጋ ቀን ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። እንግዲህ የኢኮኖሚ ጥናቱ ሳይሰይመው ሕመምን ለክቷል ማለት ይቻላል፤ የለካው ግን ሕመሙ ካስቀረው ምርት አንጻር ነው።

ሕመምን በስሙ ለመጠየቅ የተሞከረው በቆዳ በሽታ የሕይወት ጥራት መጠይቅ በኩል ነው። ይህ መጠይቅ በ1994 በዌልስ በካርዲፍ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የአማርኛ ትርጉሙ በደቡብ ኢትዮጵያ የፖዶኮኒዮሲስ ሕመምተኞች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2008 ታትሟል። በ2010 የታተመውና በወላይታ 33 ሕመምተኞችን ለአንድ ዓመት የተከታተለው ጥናትም ይህንኑ መጠይቅ ተጠቅሞ፣ ቀላሉ የእግር እንክብካቤ የሕይወት ጥራትን በጉልህ እንዳሻሻለ ዘግቧል። የጥናቱ ቁጥር ትንሽ ነው፤ የንጽጽር ቡድንም የለውም፤ ቢሆንም በጊዜው ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። እዚህ ላይ የሚነሣው ነቀፋ በመጠይቁ ላይ ነው። ከዐሥሩ ጥያቄዎች ስለ ሕመም የሚጠይቀው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱም ማሳከክን፣ መቁሰልን፣ ማመምንና መለብለብን በአንድ ጥያቄ ጠቅልሎ ስላለፈው አንድ ሳምንት ብቻ ይጠይቃል። እግሩ የሚያሳክከው ሰውና እግሩ እየተጠዘጠዘ ሌሊቱን ያነጋ ሰው እኩል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። ብግነቱ ከዐሥር ቀን በፊት ተነሥቶ የበረደለት ሰው ደግሞ ከነአካቴው አይቆጠርም። የቀሩት ዘጠኝ ጥያቄዎች ስለ ልብስ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ሥራና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ የሚጠይቁ ሲሆን፣ መጠይቁ ለእነዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የሕመም መሣሪያ ግን አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊነበብ የሚገባው በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደውና ጎልቤት በሚል ስያሜ የሚታወቀው ሙከራ ነው። በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ታተመ። 696 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ እግር ማጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻን፣ እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን ያካተተውን እንክብካቤ ወዲያውኑ ጀመሩ፤ ግማሾቹ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። የተቆጠረው ዋና ውጤት የእግሩ ውፍረት ሳይሆን አጣዳፊው ብግነት ነበር። በዚህ ብቻ እንኳ ሙከራው ከቀደሙት ይለያል፤ ሕመምተኛው ከሁሉ በላይ የሚፈራውን ነገር ዋና ጥያቄው አድርጓል። ሕመምተኞቹ ራሳቸው በየዕለቱ በመዝገብ ላይ ምልክት እንዲያደርጉ መደረጉም ጥሩ ብልሃት ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ በቃል አስታውሶ ንገር ከማለት እጅግ ይሻላል።

ውጤቱ ይህ ነው፤ እንክብካቤውን በጀመሩት ዘንድ ብግነቱ ለአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ በሌሎቹ ዘንድ 23.9 ጊዜ ተከሰተ። ልዩነቱ በመቶኛ ሲሰላ 19 ያህል ነው። ሪፖርቱ «ቀነሰ» ይላል፤ ልክ ነው፤ በአኀዝ ጥናት ሚዛንም የማያጠራጥር ቅነሳ ነው። ሳሙናና ጫማ ያን ያህል ማድረጋቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩን ወደ ቀን መቁጠሪያ መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። እንክብካቤ ያላገኘው ሰው በየዐሥራ አምስት ቀኑ ገደማ ያመዋል፤ ያገኘው ደግሞ በየዐሥራ ዘጠኝ ቀኑ ገደማ ያመዋል። የተረፈለት በዓመት አራት ከግማሽ ጊዜ ነው፤ የቀረበት ዐሥራ ዘጠኝ ነው። የሙከራው ጸሐፊዎች ስለ አራት ከግማሹ መጻፋቸው ተገቢ ነው፤ ለዚያ ተዘጋጅተዋልና። ሌላው የጤና ዓለም ግን ስለ ዐሥራ ዘጠኙ ዝም ማለቱ ተገቢ አይደለም።

ሙከራው ሌላም ድክመት አለው። ማን ሕክምና እንደ ጀመረ ማን እንዳልጀመረ ሕመምተኛው ያውቃል፤ ምልክቱን የሚያደርገውም እሱው ነው። ጫማ የተሰጠውና ባለሙያ የጎበኘው ሰው ቀለል ያለውን ብግነት ሳይመዘግብ ሊያልፍ ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው፣ መመዝገብን በደንብ ስለ ተማረ ሌላው ከሚያልፈው ይበልጥ ሊመዘግብ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሙከራ ሸፍኖ ማካሄድ አይቻልምና ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያስቆጨው ሌላ ነው፤ መዝገቡ በየዕለቱ እጁ ላይ ላለ ሰው ሕመሙን ለማስታገስ ምን እንዳደረገ የመጠየቅ ዕድል ነበር።

ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ የሚያመው ሰው ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ምን ይወስዳል? በ2016 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው የዝሆኔና የፖዶኮኒዮሲስ ሕመምተኞች እንክብካቤ መመሪያ ለአጣዳፊው ብግነት የሚሰጠውን ሕክምና ይዟል፤ ይኸውም ዕረፍት፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማብረድ፣ ብዙ ፈሳሽ መጠጣት፣ ማስታገሻ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ፀረ ተሕዋስያን ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያታዊ ነው። ሆኖም ፓራሲታሞል በዚህ ሕመም ላይ በሰዓቱ ቢሰጥ ስንት ሰዓት እንደሚያሳርፍ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደርግ፣ ፀረ ተሕዋስያን ቶሎ መጀመር ሕመሙን ያሳጥር እንደሆነ፣ በዚሁ በሽታ ላይ ስማቸው የወጣው ጥናቶች እነዚህን ጥያቄዎች ዋና ጉዳያቸው አላደረጉም። ባለሙያው የሚሠራው ከሌላ በሽታ በተገኘ ልምድ ነው።

ይህ ክፍተት በተግባር ዋጋ ያስከፍላል። ከዲምቱ ወደ ቢላቴ ወንዝ የሚወርደው ቆላ የወባ አገር ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይዞት የመጣ ሰው ቀድሞ የሚደረግለት የወባ ምርመራ ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ጫማውን ወይም ጨርቁን አውልቆ እግሩ ካልታየ ግን ብግነቱ «ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት» ሆኖ ይቀራል። ሕመሙን ለማብረድ ዳይክሎፌናክ መርፌ ቢሰጠው ደግሞ፣ በትኩሳት ላይ ያለና ውኃ በበቂ ያልጠጣ ሰው ኩላሊቱ ለጉዳት የተጋለጠ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ ቢሰጥ ብዙ ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው። ሁለት ፍሬ ኪኒን ተሰጥቶት የሚሸኝ ሰው ማስታገሻ አግኝቷል ተብሎ ይመዘገባል፤ ያገኘው ግን የግማሽ ቀን ዕረፍት ነው። ከጅማው ጥናት የተገኘው የመጠንና የሰዓት ትምህርት እዚህ ላይ ከሆስፒታሉ ግድግዳ ወጥቶ ለገጠር ጤና ጣቢያ ይጠቅማል።

የሕመም ሕክምና ክርክር በዓለም ደረጃ ለረጅም ጊዜ ሞርፊንን ዋና ጉዳዩ አድርጎ ኖሯል። የላንሴት ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ሪፖርት በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው በሞርፊን ሚዛን የተሰላ 298.5 ቶን መድኃኒት ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን አሳየ። ነውሩ ግልጽ ነው፤ በካንሰር ለሚሠቃይ ኢትዮጵያዊ ይህ ቁጥር የሕይወቱ የመጨረሻ ወራት ታሪክ ነው። በአሜሪካ በበኩሉ ሕመም «አምስተኛው የሕይወት ምልክት» ይባል ብሎ በ1990ዎቹ የተጀመረው ዘመቻ ከመጠን ያለፈ ኦፒዮይድ ማዘዝን አበረታትቷል በሚል ከተወቀሰ በኋላ፣ የአገሪቱ የሐኪሞች ማኅበር በ2016 ድጋፉን አንሥቷል። ኢትዮጵያ በሁለቱ መካከል የራሷን መንገድ ማግኘት አለባት። ለዲምቱ ግን ሁለቱም ክርክሮች ሩቅ ናቸው። ለአጣዳፊው የእግር ብግነት የሚያስፈልገው በአብዛኛው ሞርፊን አይደለም። የሚያስፈልገው በጤና ኬላ መደርደሪያ ላይ ሊኖር የሚችል ነገር ነው፤ ስለዚህም «መድኃኒቱ በአገሪቱ የለም» የሚለው ማብራሪያ እዚህ አያገለግልም።

ጥራትን በተመለከተ በ2018 የወጣው የላንሴት ግሎባል ሄልዝ ኮሚሽን ሪፖርት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች በሕክምና ሊቀሩ ይችሉ ከነበሩ 8.6 ሚሊዮን ዓመታዊ ሞቶች መካከል 5 ሚሊዮኑ ወደ ሕክምና ተቋም በደረሱ ሰዎች ላይ የሚደርሱ መሆናቸውን ገልጿል። ሪፖርቱ የአስተሳሰብ ለውጥ አምጥቷል፤ ደጃፍ ላይ መድረስ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷልና። ሆኖም ሚዛኑ ሞት ነው። ፖዶኮኒዮሲስ ሰውን በቀጥታ አይገድልም፤ በሃያና በሠላሳ ዓመት ያደክማል። ሞትን በሚቆጥር የጥራት ሚዛን ላይ በየዐሥራ ዘጠኝ ቀኑ አልጋ የሚይዝ ገበሬ ክብደት የለውም። በአዊ ዞን የተጀመረውና የፖዶኮኒዮሲስን፣ የዝሆኔንና የሥጋ ደዌን የእግር እብጠት እንክብካቤ በመንግሥት ጤና ተቋማት ውስጥ ለማዋሐድ የሞከረው ኤንድፖይንት የተባለው ፕሮጀክት በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ እንክብካቤውን ከማኅበራትና ከውጭ እርዳታ ትከሻ አውርዶ የጤና ጣቢያው የዘወትር ሥራ እንዲሆን አድርጓልና። ወላይታ ለአገሪቱ ሁሉ ያስተማረችው ሕክምና በመንግሥት ተቋም ውስጥ እንዴት እንደሚቆም ከአማራ ክልል ሊማር የሚችልበት ጊዜ ደርሷል።

በአገር አቀፍ ደረጃ በፖዶኮኒዮሲስ የተያዙት አዋቂዎች 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ በ2017 የታተመ ስሌት ያመለክታል። ይህ ስሌት ስለ ሰዎቹ እንጂ ስለ ሌሊቶቻቸው አይናገርም። የምሥራቅ ጎጃም ሕመምተኞች አንድ ዓመት ሙሉ መዝገብ መያዝ እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ በወላይታ የሚደረገው ቀጣይ ጥናት ያንኑ መዝገብ በወላይትኛ ሊያዘጋጀው ይችላል። ብግነቱ የተነሣበትን ቀን ከሚያመለክተው ዐምድ ቀጥሎ ሦስት ዐምዶች ቢጨመሩ ይበቃል፤ ምን ወሰድክ፣ በስንት ሰዓቱ ደገምክ፣ ሌሊቱን ተኛህ ወይስ አልተኛህም።